ከቆጣሪና ከተንታኝ ማንን እንመን?

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአራቱ ወቅቶች ሌላ፣ በየአራት ዓመቱ የሚመላለስ አምስተኛ ወቅት አለን፤ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሰሞን። ይህ ወቅት ሲገባ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ የአበሻ ቡና ቤቶች ጠባያቸው ይለወጣል። ዘፈኑ ተዘግቶ ዜናው ይከፈታል፤ ቡናው ቀዝቅዞ ክርክሩ ይሞቃል። የሚገርመው ክርክሩ ዕጩዎቹ ስለ ግብር ምን አሉ፣ ስለ ስደተኛስ ምን አሰቡ ከሚለው አለመጀመሩ ነው። በር ከፍቶ የሚገባው ሰው ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ "ዛሬስ ስንት ሆነ?" ይላል። የሚጠይቀው የሕዝብ አስተያየት ጥናቱን ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ "በፔንሲልቫኒያ ሁለት ነጥብ ጨመረ" ሲል፣ ሌላው "ተወው፣ እሱ የሚዲያ ውሸት ነው" ብሎ ያጣጥላል። ያው ሰው በማግሥቱ የራሱ ዕጩ ሁለት ነጥብ ሲጨምር ያንኑ "ውሸት" እንደ ወንጌል ይጠቅሰዋል።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ከ2008 ጀምሮ አለሁ። (ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወገንተኝነቴም በወዳጆቼ ዘንድ የታወቀ ነው። የማደላው ለቆጣሪው ነው። ቆጣሪ የምለው ስልክ ደውሎ፣ ሰው ጠይቆ፣ ደምሮና አካፍሎ ቁጥሩን ከነስሕተት ወሰኑ የሚያወጣውን ነው። ተንታኝ የምለው ደግሞ ያንን ቁጥር ተቀብሎ፣ ወይም ሳይቀበል፣ በቴሌቪዥን መስኮት ተቀምጦ "የአሜሪካ ሕዝብ የሚፈልገው" እያለ የሚናገረውን ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምንሰድባቸው፣ አንደኛው ሲሳሳት ሌላኛውም አብሮ ይወቀሳል፤ ይህ ደግሞ ፍትሕ አይመስለኝም።

እህል በረንዳ ሄዶ ጤፍ የገዛ ሰው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጆንያውን ዘርግፎ አይመረምርም። እጁን ሰድዶ አንድ እፍኝ ያወጣና መዳፉ ላይ በተን አድርጎ አፈሩን፣ ገለባውን፣ ቅልቅሉን ያያል። አንድ እፍኝ ስለ አንድ ኩንታል ሊመሰክር ይችላል። ብልሃቱ ያለው እጅን የት መስደድ እንደሚገባ በማወቅ ላይ ነው። ነጋዴው ማኛውን ከላይ፣ ሰርገኛውን ከታች አድርጎ እንደሆነስ?

በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት የደረሰበት ይኸው ነው። መጽሔቱ ካለፉት አምስት ምርጫዎች አንዱንም አልሳተም ነበር። በዚያ ዓመት ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት መለሱ። መልሱም የሪፐብሊካኑ ዕጩ አልፍ ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል የሚል ሆነ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርገው ወሰዱ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን የሰበሰበው ከስልክ ማውጫ፣ ከመኪና ባለቤቶች መዝገብና ከራሱ ደንበኞች ነበር፤ በዚያ በድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። እጁን የሰደደው ከጆንያው አፍ ላይ ነበር። ጆርጅ ጋሉፕ የተባለው ወጣት ግን 50 ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ ጠይቆ አሸናፊውን አወቀ። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ። ጋሉፕም ቢሆን በ1948 ከነባልደረቦቹ "ዱዊ ትሩማንን ያሸንፋል" ብሎ ተሳስቷል፤ ቆጠራውን ከምርጫው ቀን ቀደም ብለው በማቆማቸው የመጨረሻውን ሰዓት ሐሳብ አልያዙትም።

ሌላም ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር አለ። በትክክል የተመረጡ 1,000 ሰዎች ሲጠየቁ የስሕተቱ ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ያህል ነው። ይህ ለእያንዳንዱ ዕጩ ነው፤ በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ግን ስሕተቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ 48 ለ46 የሚል ጥናት በትሕትና "አላወቅንም" ነው የሚለው። ቡና ቤት ሲደርስ "እየመራ ነው" ይሆናል፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ደግሞ "እየገሰገሰ ነው"።

ለምን ለቆጣሪው እንደማደላ ለማስረዳት የ2012ን ምርጫ ማስታወስ ይበቃኛል። ባራክ ኦባማና ሚት ሮምኒ የተፎካከሩበት ነው። የግዛቶቹን ጥናቶች እየሰበሰበ የሚያሰላው ኔት ሲልቨር በመጨረሻው ቀን ለኦባማ 90 በመቶ ገደማ ዕድል ሰጠ። ተንታኞቹ ግን ሳቁበት። ጆርጅ ዊል በቴሌቪዥን ቀርቦ ሮምኒ 321 የኤሌክቶራል ድምፅ ያገኛል አለ። ዲክ ሞሪስ በአራት ጨምሮ 325 አደረሰው። ፔጊ ኑናን ደግሞ በፍሎሪዳ ግቢዎች የተተከሉትን የሮምኒ ምልክቶች ብዛትና የአገሩን ስሜት ጠቅሳ የሮምኒን መነሣት ጻፈች። የጠዋቱ ፕሮግራም አቅራቢ ጆ ስካርቦሮ፣ ውድድሩን እኩል በእኩል ካልሆነ በቀር አድርጎ የሚያይ ሰው መሳለቂያ ነው ሲል፣ ሲልቨር ታዲያ በ1,000 ዶላር እንወራረድ፣ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ይሁን አለው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ጋዜጣው ውስጥ ስለ ሥነ ምግባር ከምትከታተለው ባልደረባ ወቀሳ የደረሰበት ውርርድ ያቀረበው ሲልቨር ነበር! በቃሉ ላይ ገንዘብ ማስያዝ ነውር ሆነ፤ ያለ ምንም መያዣ መናገሩ ግን ሙያ ነው።

ውጤቱ ኦባማ 332፣ ሮምኒ 206 ሆነ። ሲልቨር 50ውንም ግዛቶች አወቀ። በምርጫው ሌሊት ካርል ሮቭ በፎክስ ቴሌቪዥን ላይ ኦሃዮ ለኦባማ መሰጠቷን አልቀበልም ብሎ፣ አቅራቢዋ በገዛ ጣቢያቸው ኮሪደር ተራምዳ ቆጣሪዎቹ ወደሚሠሩበት ክፍል ሄዳ "እርግጠኞች ናችሁ ወይ?" ብላ እስክትጠይቅ ድረስ ተሟገተ። እርግጠኞች ነበሩ። ሞሪስ በፎክስ የነበረው ውል ሳይታደስ ቀረ፤ ሌሎቹ ግን በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሮምኒ ለምን እንደተሸነፈ ያስረዱን ጀመር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ይህ የተንታኝ ዋና ሥራ ሳይሆን አይቀርም። በጃንዋሪ 2008 በኒው ሃምፕሸር ጥናቶቹ ኦባማ ሂላሪ ክሊንተንን 8 ነጥብ ያህል ይቀድማታል ብለው ነበር፤ እሷ ከ3 ነጥብ ባነሰ ልዩነት አሸነፈች። በማግሥቱ ጠዋት የተንታኝ ዘር በሙሉ ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ በዋዜማው አንድ ቡና ቤት ውስጥ ስትናገር ዐይኗ እንባ አቅርሮ ስለታየ ነው ተባለ። እንባው ሲታይ ግን ያሸንፍላታል ያለ ብዙ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ጉዳት ነው ብለው የተነተኑ ነበሩ። ፊሊፕ ቴትሎክ የተባለው ምሁር በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ፣ 284 የፖለቲካ ሊቃውንትን ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተከታትሎ፣ የተናገሯቸውን በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ትንቢቶች ከሆነው ነገር ጋር አስተያይቷል። ግምታቸው የቀድሞውን አካሄድ ወደፊት ከመቀጠል ያለፈ አልሆነም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዝናቸው የበዛው፣ ካሜራ የሚወዳቸው ነበሩ። የጥንቱ ሞራ ገላጭ እንኳ ከመናገሩ በፊት በሬ ይታረድለት ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ በ2016 ምን ሆነ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ቡና ቤትም የሚነሣብኝ እሱ ነው።

በፊላደልፊያ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ሆኖ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ዜግነት አግኝቶ፣ መሐላውን ፈጽሞ፣ ባንዲራውን ይዞ የተነሣውን ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ለመራጭነትም ተመዘገበ። ኖቬምበር 8 ቀን ከሰዓት በኋላ ደወልሁለት። ከእንቅልፉ ቀሰቀስሁት።

"መረጥህ?"

"ምን ያደርጋል ብለህ ነው ወንድሜ? አልቋል እኮ። 99 በመቶ እያሉ አይደለም እንዴ!"

"ማነው 99 ያለው?"

"አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር።"

እውነቱን ነው፤ ፕሮፌሰሩም ነበሩ። የፕሪንስተኑ ሳም ዋንግ የክሊንተንን ዕድል ከ99 በመቶ በላይ አድርገውት ነበር፤ ትራምፕ ከ240 በላይ የኤሌክቶራል ድምፅ ካገኙ ነፍሳት እበላለሁ ብለው ቃል ገብተው፣ ከምርጫው በኋላ በሲ ኤን ኤን ቀርበው ፌንጣ ከማር ጋር በልተዋል። (ቃሉን ፌንጣ በልቶ የጠበቀ ተንታኝ እስካሁን አላየሁም፤ ለዚህም ለቆጣሪው አደላለሁ።) ሲልቨር በበኩሉ ለትራምፕ 29 በመቶ ገደማ ሰጥቶ ነበር። ከምርጫው በፊት በነበሩት ሳምንታት ይህን ያህል ለትራምፕ መስጠቱ እንደ ፈሪነት ተቆጥሮ ተሰድቦበታል። 29 በመቶ ማለት ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ሊደርስ ለጥቂት የቀረው ነገር ማለት ነው። ከሦስት ቀን አንዱን ይዘንባል የተባለ ሰው ጃንጥላውን ጥሎ አይወጣም።

"ተነሥና ሂድ፤ እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት ክፍት ነው" አልሁት። ፈረቃው በ6 ሰዓት ይገባል። አልሄደም።

ትራምፕ ፔንሲልቫኒያን በ44,292 ድምፅ፣ ዊስኮንሲንን በ22,748፣ ሚሺጋንን በ10,704 አሸነፉ። የሦስቱ ድምር 78 ሺህ አይሞላም። በአገር አቀፍ ደረጃ ጥናቶቹ ክሊንተን ከ3 እስከ 4 ነጥብ ትመራለች ብለው ነበር፤ በጠቅላላ ድምፅ በ2 ነጥብ በልጣለች። ስለ አገሩ ሲናገሩ ብዙም አልሳቱም፤ የሳቱት ስለ ግዛቶቹ ነው። በዊስኮንሲን ወደ 6 ነጥብ ገደማ ትመራለች የተባለችው ሴት ተሸነፈች። የቆጣሪዎቹ ማኅበር ኋላ ራሱን መርምሮ፣ ብዙዎቹ የግዛት ጥናቶች ኮሌጅ የገባውንና ያልገባውን መራጭ በተገቢው መጠን አላመዛዘኑም፣ ብዙ ሰውም በመጨረሻዎቹ ቀናት ወሰነ ብሎ ጻፈ። ስሕተታችን ይኸውላችሁ ብሎ በአደባባይ የሚያትም የተንታኞች ማኅበር ካለ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ወዳጄ ያን ጊዜ ብዙም አልከፋውም። የከፋው በ2020 ነው። ታናሽ ወንድሙ አዲስ አበባ ሆኖ የዲቪ ዕጣ ደርሶት ነበር። ኤፕሪል 22 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ አዲስ ኗሪዎች ከውጭ እንዳይገቡ የሚያግድ አዋጅ ፈረሙ፤ የዲቪ ዕድለኞችም በእገዳው ውስጥ ገቡ፤ እገዳው በሰኔ ታደሰ። ወረርሽኙ ደግሞ የኤምባሲዎችን በር ዘግቶት ነበር። የዲቪ ዕድል እስከ ሴፕቴምበር 30 ቪዛ ካልተመታበት ይቃጠላል። ጥቂቶች በፍርድ ቤት ትእዛዝ አገኙ፤ የእሱ ወንድም ከነሱ አልነበረም። ባይደን አዋጁን በፌብሩዋሪ 2021 ሲሽሩት ለእሱ ጊዜው አልፎ ነበር። ለቃለ መጠይቁ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለሠርጉ ለበሰው።

በ2020 መጨረሻ ወዳጄ ደውሎ፣ "አንድ ድምፅ ምን ይለውጥ ነበር ትላለህ?" አለኝ። ምንም አልሁት። የሒሳቡ እውነት ይህ ነውና ለማጽናናት ብዬ ሌላ አልነግረውም። 44,292 ሰው ግን አዲስ አበባ ስታዲየም ጢም ብሎ ከሚይዘው ሕዝብ እምብዛም የሚበልጥ አይደለም፤ በዚያ ቀን "አልቋል" ብሎ የተኛው እሱ ብቻ እንዳልነበረም አልጠራጠርም። በ2020 ግን መርጧል፤ ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ።

ከቡና ቤቱ ተከራካሪዎች መካከል አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አገር ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ሒሳብ ያስተማረ ሰው ቁጥር አላምንም ሲል መስማት ለኔ ሁልጊዜ እንቆቅልሽ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ለመሆኑ የሚያምኑት ምንድን ነው?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"አደባባይ" አሉኝ።

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ ነበሩ። ከዚያ በፊት በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፉትን ክርክሮች፣ የመንግሥት ባለሥልጣን በተቃዋሚ ፊት ላብ ሲያጠምቀው ያየንባቸውን፣ አንዱንም አላለፉም። በዋዜማው ገዢው ፓርቲ የራሱን ሰልፍ ጠርቶ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ከተማው ሁሉ ወጣ። "ልጄ፣ ያንን ሕዝብ ያየ ሰው ጥናት አያስፈልገውም" ይላሉ። ስለ አዲስ አበባ እውነታቸውን ነው። ግንቦት 7 ቀን ተቃዋሚው ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። ስለ ገጠሩ ግን አደባባዩ ምንም ሊነግረን አይችልም ነበር፤ የጆንያው አፍ ነበርና። ቆጠራው ሳያልቅ ሁለቱም ወገን አሸነፍሁ አለ። በመካከላቸው ሆኖ "እኛ ለብቻችን ይህን ያህል ሰው ጠይቀን ያገኘነው ይህን ነው" የሚል አንድ ነጻ ቁጥር በአገሩ አልነበረም። የተከተለውን ታውቁታላችሁ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሲቪሎችን ሞት መዘገበ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ለገዢው ፓርቲና ለአጋሮቹ ሆኑ። ለእንዲህ ያለ ምርጫ ናሙና መውሰድ በእርግጥም ትርፍ ወጪ ነው።

ጋሼ ይህን ጓዝ ይዘው ነው አሜሪካ የገቡት። እኔ የማልስማማው ከዚህ በኋላ ባለው ነው። በ2020 ትራምፕ በየአየር ማረፊያው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ሲሰበስቡ፣ ባይደን በወረርሽኙ ምክንያት በተራራቁ ክቦች ለተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ይናገሩ ነበር። ጋሼ ትራምፕን አይወዷቸውም፤ በኦክቶበር 23 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው በስልክ ሲናገሩ ከሰሙ ወዲህ ስማቸውን እንኳ አይጠሩም። ነገር ግን "አሸናፊው እሱ ነው፤ ሕዝቡን አታይም?" ይሉ ነበር። ውጤቱ ሲነገር፣ "እንዴት ተደርጎ?" አሉ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያንም፣ አደባባዩን አይተው፣ በዚያው ቃል ጠየቁ። ቆጣሪዎቹም አላገዙም፤ የ2020 ጥናቶች በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ስሕተት ነበረባቸው። በዊስኮንሲን አንድ የታወቀ ጥናት ባይደን በ17 ነጥብ ይመራሉ አለ፤ ያሸነፉት ከአንድ ነጥብ ባነሰ፣ በ20,682 ድምፅ ነው። በጥናት እስከ መቶ ተስፋ የተሰጠውም፣ በሰልፍ ብዛት የተማመነውም፣ ትክክለኛው ቆጠራ ሲመጣ እኩል አላመነውም። ጆርጂያ ወረቀቱን በእጅ ደግማ ቆጠረች፤ የባይደን አሸናፊነት ጸና፤ የመጨረሻው ልዩነትም 11,779 ሆነ። ከ60 በላይ ክሶች ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ከአንድ ጥቃቅን ጉዳይ በቀር ሁሉም ወደቁ። ያም ሆኖ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 መጣ።

ጋሼን "በ1997 የጎደለን እንዲህ ያለ፣ በእጅ ተደግሞ የሚቆጠር ወረቀት አልነበረም ወይ?" አልኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያም፣ "የቆጠረው ማን እንደሆነ ስታውቅ ነው" አሉኝ። ለዚህ መልስ አልሰጠሁም፤ ክርክሩም እንደተንጠለጠለ አለ።

ደግሞ እኛን የሚቆጥረን ማን ነው? በኖቬምበር 2021 በቨርጂኒያ የአገረ ገዢ ምርጫ ብዙ ኢትዮጵያውያን በባይደን መንግሥት አቋም ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ዘመቱ። የኢትዮጵያን የአጎዋ ተጠቃሚነት የሚያቋርጠው ደብዳቤ ለኮንግረስ የተጻፈው በዚያው የምርጫ ቀን፣ ኖቬምበር 2 ነበር። ያንግኪን ወደ 64 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። የአሜሪካ ተንታኞች ምክንያቱ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው አሉ። የኛ ተንታኞች ምክንያቱ እኛ ነን አሉ። ሁለቱም በእኩል እርግጠኝነት ተናገሩ። በቨርጂኒያ 800 ሰው በሚጠየቅበት ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያዊ ቢገኝ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፤ እሱም "ጥቁር" በሚለው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ስለ ራሳችን ስናወራ ሁላችንም ተንታኞች ነን።

የ2024ን በአጭሩ ልለፈው። አን ሴልዘር በአዮዋ ለብዙ ዓመታት ከማንም የተሻለች ቆጣሪ ነበረች። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ካማላ ሃሪስ 47፣ ትራምፕ 44 ብላ አወጣች። በዚያ አንድ ቁጥር ላይ ተንታኞቹ ለሦስት ቀን ቤተ መንግሥት ሠሩበት። ትራምፕ አዮዋን በ13 ነጥብ አሸነፉ። ሴልዘር ጥናቷ የተዛባበትን ምክንያት ፈልጋ፣ ያገኘችውንና ያላገኘችውን ለሕዝብ አወጣች፤ በዲሴምበር ደግሞ ትራምፕ ከሰሷት። ቤተ መንግሥቱን የሠሩትን የከሰሳቸው የለም፤ ምክንያቱን ጻፉ ያላቸውም የለም።

ቆጣሪዎቹ ዛሬ ያለባቸው ትልቁ ችግር ሒሳቡ ላይ አይደለም። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ1997 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስልክ ከደወለላቸው 100 ሰዎች 36ቱ ይመልሱለት ነበር፤ በ2018 የመለሱት 6 ብቻ ናቸው። የማይመልሰው ሰው ከሚመልሰው በሐሳቡም የሚለይ ከሆነ፣ እጅ ወደ ጆንያው መካከል መግባት አልቻለም ማለት ነው።

በሴፕቴምበር 2024 አንድ ምሽት የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ አነሣሁት። ጠያቂው ድምፁ የደከመ ወጣት ነበር፤ ገና ሲጀምር የምዘጋበት መስሎት ይጣደፋል። ሁሉንም መለስሁለት፤ 14 ደቂቃ ፈጀ። ዘርህ ምንድን ነው ሲለኝ ከሰጠኝ ምርጫዎች አንዱን መረጥሁ። በመጨረሻ፣ ቤት ውስጥ ዕድሜው ከ30 ዓመት በታች የሆነ ወንድ መራጭ ካለ ብታገናኘኝ፣ እንደነሱ ያለውን ለማግኘት በጣም ተቸግረናል አለኝ። የእኅቴ ልጅ ሳሎን ተጋድሞ በስልኩ የዕለቱን ጥናት እያየ ከጓደኛው ጋር ይሟገታል፤ "እነዚህ ሰዎች ማንን እንደሚጠይቁ አላውቅም፤ እኛን የጠየቀን የለም" ሲል ይሰማኛል። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ጠራሁት።

"የምን ጥናት ነው? ለስንት ደቂቃ?"

"ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።"

"የለም በለው፣ ጋሼ" አለኝ።